ሳንወጣ እንጠንቀቅ
ስለ መሰላልና ስለ መውደቅ አደጋ



በባሕር ዳር ከተማ ብትዘዋወሩ መሰላል ያልተደገፈበት ሰፈር አታገኙም። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ነው። ግንበኛው ከባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ መወጣጫ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብለን በጣና ዳር ያሉትን መንደሮች ብናይም ነገሩ ያው ነው። ማንጎ የሚያወርደው ልጅ ዛፍ ላይ ነው። የሣር ቤት የሚከድነው ሰው ጣሪያ ላይ ነው። ማር ቆራጩ ደግሞ በሌሊት፣ በጭስ መካከል፣ ቀፎው ከተሰቀለበት ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ሁሉም የወጡት ለእንጀራቸው ነው። ሁሉንም የሚጠብቅ ቤተሰብ አላቸው። ዛሬ የምናነበው እነዚህ ወገኖቻችን በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው እንዲወርዱ ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

ዋናውን ነገር በቅድሚያ እንናገር። ከመሰላል ከመውደቅ የምንድነው ገና መሬት ላይ ሳለን በምንሠራው ሥራ ነው። ላይ ከወጡ በኋላ መጠንቀቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። መሰላሉ የበሰበሰ ከሆነ፣ እግሩ ጭቃ ላይ ከቆመ፣ አናቱ ካልታሰረ፣ ላይ ሆኖ መጠንቀቅ ብዙ አያድንም።

ቀን አይጥልም

ሰው ከመሰላል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ንግግር አለ። «ቀን ጣለው» ይባላል። «ዓይን በላው» ይባላል። «ምን ይደረግ፣ የተጻፈበት ነው» ይባላል።

ይህን ጉዳይ በንባብ ክፍል አንሥተን ስንወያይ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ሰው ቀኑ ካልደረሰ አይወድቅም» አሉን። ከጎናቸው የተቀመጡት እናት ግን ዝም አላሉም።

«ኧረ አያ፣ እርስዎ ታንኳዎን ሳያዩ ሐይቅ ይገባሉ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ምን ብዬ እገባለሁ!» አሉ አባትየው። «ደንገሉ ውኃ መጥጦ ከከበደ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ማሰሪያው ከላላ አጠብቀዋለሁ።»

«እንግዲያውስ መሰላሉንም እንዲያው ይዩታ!» አሏቸው።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባትየውም ሳቁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ታንኳ ቀዛፊ በፈጣሪው ይታመናል፤ ታንኳውንም ይፈትሻል። እምነትና ጥንቃቄ አይጣሉም።

መውደቅ ምክንያት አለው። የተሰነጠቀ እንጨት ምክንያት ነው። ጭቃ ላይ የቆመ መሰላል ምክንያት ነው። በአንድ እጅ የተንጠለጠለ ባልዲ ምክንያት ነው። ጥድፊያም ምክንያት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚታዩ ነገሮች ናቸው። የሚታይ ነገር ደግሞ ሊስተካከል ይችላል።

የመውደቅ አደጋ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ይህ ቁጥር ከመሰላል የሚወድቁትን ብቻ የያዘ አይደለም። ከዛፍ፣ ከጣሪያ፣ ከደረጃ፣ በመንገድም ላይ የሚወድቁትን ሁሉ ይጨምራል። ከሟቾቹ ውስጥ ከመቶው 80 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሳይታሰቡ ከሚደርሱ አደጋዎች ሁሉ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው።

ሦስት ሜትር ትንሽ አይደለም

«ሦስት ሜትር ምን አላት!» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ እናስላው።

ሦስት ሜትር የአንድ ተራ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ያህል ነው። ከዚያ የወደቀ ሰው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይደርሳል። «እናቴ!» ብሎ ሳይጨርስ ማለት ነው። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ በከተማ መንገድ ላይ የምትሄድ ባጃጅ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሰውየው ከባጃጅ ጋር የተጋጨ ያህል ይጎዳል። ልዩነቱ ባጃጅ ፍሬን አላት፤ መሬት ግን ፍሬን የላትም።

ከ2 ሜትር የወደቀም ቢሆን በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ ነው መሬት የሚደርሰው። በጭንቅላቱ ከወደቀ ይህ ለሞት ይበቃል።

በጀርባችን አጥንት ውስጥ ከአንጎል የሚነሣ የነርቭ ገመድ አለ። እግራችን የሚታዘዘው በዚህ ገመድ አማካይነት ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱን ከቆረጠው እግር አይታዘዝም። ጧት በእግሩ ከቤት የወጣ አባወራ ማታ በሰው ሸክም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ማን ያርሳል? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ የቀን ሥራ ይገባል። እናት በቀን ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንድ መርገጫ ተሰብሮ አንድ ቤተሰብ አብሮ ይወድቃል። ውኃ ከፈሰሰ አይታፈስም።

መሰላሉን እንፈትሽ

በቅድሚያ የመሰላልን አካል በስሙ እንጥራ። ሁለቱን ረጃጅም እንጨቶች «ቋሚ» እንበላቸው። በመካከላቸው የተጋደሙትን አጫጭር እንጨቶች «መርገጫ» እንበላቸው።

በአካባቢያችን ብዙው መሰላል የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነው። ነገር ግን እርጥቡን ከመቱት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩም ይላላል። ክረምቱ ደግሞ ዝናባም ነው። ደጅ የሚያድር መሰላል ይበሰብሳል። ሚስማሩ ይዝጋል። ምስጥም ይገባበታል። ምስጥ እንጨት የሚበላው ከውስጥ ነው። ላዩ ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፦ መሰላሉን መሬት ላይ እናጋድመው።

ሁለተኛ፦ ሁለቱን ቋሚዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናችን እንይ፤ በእጃችንም እንዳስስ። ስንጥቅ ያለው ቋሚ አይወጣበትም።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱን መርገጫ በመዶሻ ወይም በድንጋይ እናንኳኳ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ምስጥ የበላው እንጨት ግን እንደ ባዶ ቅል ነው ድምፁ።

አራተኛ፦ መርገጫውን ይዘን እንወዝውዘው። የሚነቃነቅ ከሆነ ይጠገን።

አምስተኛ፦ ጭቃ፣ ዘይትና ቀለም ካለበት እንጥረገው።

ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ጊዜ አይወስድም።

መሰላል የሚሠራ አናጺም አንድ ነገር ልብ ይበል። መርገጫው በሚስማር ብቻ እንዲያዝ አያድርገው። ቋሚውን ትንሽ ጎድጎድ አድርጎ መርገጫውን እዚያ ውስጥ ያስቀምጠው። ከዚያም በሚስማር ይምታው፤ በሽቦ ወይም በጠንካራ ገመድ ይሰረው። ያን ጊዜ የሰውየውን ክብደት የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ሚስማሩ አይደለም።

የእንጨት መሰላል ቀለም አይቀባ። ቀለም ስንጥቅን ይደብቃል። የተሰበረና የማይጠገን መሰላል ደግሞ ጥግ ተደግፎ አይቀመጥ። ጎረቤት ሳያውቅ ይዋሰዋል። ወዲያው ተቆርጦ ለማገዶ ይዋል።

አራት ለአንድ

ጤነኛ መሰላልም ቢሆን በደንብ ካልቆመ ይጥላል። ከግድግዳው በጣም ከተጠጋ ሰውየውን ይዞ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በጣም ከራቀ ደግሞ እግሩ ይንሸራተታል። ታዲያ ልኩ ምንድን ነው?

ልኩ አራት ለአንድ ነው። መሰላሉ ግድግዳውን የሚነካበትን ከፍታ እንለካ። በየአራት ክንዱ ከፍታ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ። ከፍታው 8 ክንድ ከሆነ እግሩ 2 ክንድ ይራቃል። ከፍታው 12 ክንድ ከሆነስ? 3 ክንድ ይራቃል። በሜትር ለሚለካም ያው ነው። ለ4 ሜትር 1 ሜትር ነው።

መለኪያ ከሌለ አካላችን መለኪያ ነው። መሰላሉን አቁመን የእግራችንን ጣቶች ከመሰላሉ እግር እናስጠጋ። ቀጥ ብለን እንቁምና ሁለቱን እጆቻችንን በትከሻችን ልክ ወደ ፊት እንዘርጋ። መዳፋችን መርገጫውን ከደረሰበት መሰላሉ በልኩ ቆሟል።

መሬቱንም እንይ። ዋልካ አፈር በክረምት ይለሰልሳል። የመሰላሉ አንድ እግር ሲሰምጥ መሰላሉ በጎኑ ይወድቃል። ለስላሳ መሬት ላይ ከሁለቱም እግሮች ሥር ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከአንዱ እግር ሥር ድንጋይ ወይም ብሎኬት አይደረግ። ድንጋይ ይንከባለላል። ከፍ ያለውን ወገን ቆፍሮ ማስተካከል ይሻላል።

ጣሪያ ላይ የምንወጣ ከሆነ የመሰላሉ አናት ከጣሪያው ጠርዝ በላይ 1 ሜትር ያህል ይትረፍ። ስንወጣና ስንወርድ የምንይዘው ነገር እንዲኖረን ነው።

ከዚያ አናቱ በገመድ ይታሰር። አናቱን ለማሰር የሚወጣው ሰው ደርሶ እስኪያስር ድረስ ሌላ ሰው ከታች በሁለት እጁ ይያዝለት። የሚይዘውም ሰው ዓይኑ መሰላሉ ላይ ይሁን፤ ስልኩ ላይ አይሁን። «አሁንስ ለትንሽ ሥራ ምን ገመድ ያስፈልጋል?» አንበል። አባቶች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ።

ስንወጣ

መሰላል ስንወጣም ስንወርድም ፊታችን ወደ መሰላሉ ይሁን። ጀርባን ሰጥቶ መውረድ ደረጃ ላይ እንጂ መሰላል ላይ አይሆንም።

ሁልጊዜ ከአራቱ ሦስቱ ይያዙ። ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ማለት ነው። አንዱ ቢያመልጥ ሁለቱ ያተርፉናል። ስለዚህ ባልዲ፣ መዶሻ ወይም ቆርቆሮ በእጅ ይዞ አይወጣም። መጀመሪያ ሰውየው ይውጣ። ዕቃው ኋላ በገመድ ይሳብ።

እምብርታችን ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል አይውጣ። «ትንሽ ብንጠራራ እደርስበታለሁ» ማለት ብዙ ሰው ጥሏል። ወርዶ መሰላሉን ማዛወር ይሻላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!

ከላይ ያሉት ሦስት መርገጫዎች የእጅ ናቸው፤ የእግር አይደሉም። እዚያ ላይ ከቆምን የምንይዘው ነገር የለንም።

ጫማችን የማያንሸራትት ይሁን። ሸበጥ አድርጎ መሰላል አይወጣም። ዝናብና ብርቱ ነፋስ ባለበት ሰዓትም ሥራው ይቆይ።

ስለ ደቦም አንድ ነገር እንበል። ቤት ሲከደን ጎረቤት ይሰበሰባል። የቤቱ ባለቤት ጠላ ታቀርባለች። ይህ የቆየ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ጠላና አረቄ ሚዛን ያስታሉ። ምግቡና ውኃው በሥራው መካከል ይቅረብ። ጠላው የመጨረሻው ሰው መሬት ከረገጠ በኋላ ይቀዳ። ጨዋታውም ያን ጊዜ ይደምቃል።

ሥራው ሲያልቅ መሰላሉ ተደግፎ አይደር። ሕፃናት ይወጡበታል። ይጋደም፤ ከዝናብና ከምስጥም ይጠበቅ።

ስለ ቆርቆሮና ስለ ኤሌክትሪክ

ቆርቆሮ ጣሪያ ጧት በጤዛ ይንሸራተታል። ፀሐይ እስኪያደርቀው እንጠብቅ። በቆርቆሮ ላይ ስንሄድ የሚስማሩን መስመር ተከትለን እንርገጥ። ሚስማሩ ባለበት ከሥሩ እንጨት አለ። ብርሃን እንዲያስገባ የሚደረገውን የፕላስቲክ ቆርቆሮ ግን ፈጽሞ አንርገጥ። ፀሐይ ያደርቀውና እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ ካለ መሰላል ከማንሣታችን በፊት ቀና ብለን እንይ። የብረት መሰላል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨትም ያስተላልፋል። ረጅም መሰላል ወይም የብረት ዘንግ ቀጥ አድርጎ ተሸክሞ በሽቦ ሥር ማለፍ ለሞት ያደርሳል። ተጋድሞ፣ በሁለት ሰው ይወሰድ። ሽቦው ለሥራው እንቅፋት ከሆነ የመብራት አገልግሎት ባለሙያ ይጠራ እንጂ ማንም በራሱ አይንካው።

ሳንወጣ መሥራት

ከሁሉ የሚሻለው ጥንቃቄ ጭራሽ አለመውጣት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዘጌ ነው።

ዘጌ ወደ ጣና ሐይቅ ዘልቆ የገባ ልሳነ ምድር ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረትና ሌሎች የቆዩ ገዳማት ይገኙበታል። ቡናን ወደ ዘጌ ያስገቡት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው እየተባለ ይነገራል። የዘጌ ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ጥላ ሥር ያለ ቡና ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል። ያረጀና ያልተገረዘ ቡና ቁመቱ ከሰው እጅ በላይ ይሆናል። ለቃሚው ፍሬውን ለማግኘት ግንዱ ላይ ይወጣል። የቡና ግንድ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ቅርንጫፉም በቀላሉ ይገነጠላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለጊዜው ጫፉ ቆልማማ የሆነ ረጅም እንጨት ይዘን ቅርንጫፉን በቀስታ ወደ ታች መሳብ እንችላለን። ለዘለቄታው ግን መጎንደል ይሻላል። መጎንደል ማለት ያረጀውን ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ ነው። ከጉቶው አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ ፍሬ ይሰጣል። ገቢ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ ከማሳው ጥቂቱን ብቻ በየተራ መጎንደል ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጊዜውንና አቆራረጡን ያሳያል። የተጎነደለ ቡና ምርቱ ይታደሳል። ከዚህም ሌላ ለቃሚው መሬት ላይ ቆሞ ይለቅመዋል።

ማንጎም እንዲሁ ነው። ከጫፉ ከረጢት የተሰፋበት ረጅም ዘንግ ይዞ ከመሬት ሆኖ ማውረድ ይቻላል። ፍሬውም ሳይፈርጥ ይወርዳል።

ማርም እንዲሁ ነው። የባህል ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። የሽግግርና ዘመናዊ ቀፎ ግን ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። በሌሊት ዛፍ መውጣት ይቀራል። ዛፍ መውጣት የወንድ ሥራ ነው እየተባለ ከማር ሥራ ርቀው የነበሩ ሴቶችም በደጃቸው ንብ ማነብ ይችላሉ።

ከላይ የሚይዝ ገመድ

መውጣት ግድ የሚሆንበት ሥራም አለ። ለዚህ ከጣና ራቅ ብለን ወደ ትግራይ እንመልከት። እዚያ የደብረ ዳሞ ገዳም አለ። ገዳሙ የሚገኘው ዙሪያው ገደል በሆነ ተራራ አናት ላይ ነው። የገዳሙ መሥራች አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ አባት ናቸው። ወደ ገዳሙ የሚወጣው ወንድ 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተስቦ ነው።

እንግዲህ አወጣጡን ልብ በሉ። ገመዱ ሁለት ነው። አንዱን ወጪው በእጁ ይይዛል። ሁለተኛው በወገቡ ይታሰራል፤ ጫፉንም ከላይ ያሉት ሰዎች ይይዙታል። ወጪው እጁ ቢዝል እንኳ የወገቡ ገመድ ያስቀረዋል። ዛሬ በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ «የደኅንነት ቀበቶ» የሚባለው ነገር አሠራሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ራስን በገመድ ማሰር የፈሪ ሥራ አይደለም። አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ጥበብ ነው።

በባሕር ዳር በሕንፃ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች ይህን አስቡ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ሲሠራ መቆሚያው በአንድ ቀጭን ጣውላ አይሁን። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን ተነጥፈው ይታሰሩ። በወገብ ልክ መከለያ አጣና በዙሪያው ይታሰር። መወጣጫው ከሕንፃው ጋር በየቦታው ይያያዝ። ከዝናብና ከነፋስ በኋላ ጧት እንደገና ይፈተሽ። የራስ ቁር ያለ ሰበብ ከራስ አይውለቅ።

ይህ የአሠሪው በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ማስረዳት አለበት። የአደጋ መከላከያ መሣሪያም ማቅረብ አለበት። አዋጁ በሚሸፍነው ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ መጠቀም አለበት። ሰክሮ ወደ ሥራ የገባ ወይም የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ቢጎዳ ካሣ ሊቀርበት ይችላል።

አንድ የቀን ሠራተኛ ለፎርማኑ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጣውላ ተሰንጥቋል፤ ሳይቀየር አልወጣም» ማለት ነውር አይደለም። ሁለት ሆነው ሲናገሩ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ከወደቀ በኋላ

ሰው ወድቆ ካገኘን ምን እናድርግ?

ኤሌክትሪክ ይዞት ከሆነ መብራቱ ሳይጠፋ አንንካው።

የመጀመሪያው ስሜታችን ብድግ አድርጎ ማቆም ነው። ይህን አናድርግ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ከሆነ፣ እግሩ ከደነዘዘ፣ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ከቦታው አናንቀሳቅሰው። የተሰበረ የጀርባ አጥንት በማንሣት ጊዜ የነርቩን ገመድ ሊቆርጥ ይችላል። አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝለት። ሌላው አምቡላንስ ይጥራ።

አምቡላንስ ከማይደርስበት ቦታ ከሆነስ? ሰፊ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ይምጣ። አራት አምስት ሰው ሆኖ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን እንደ አንድ ግንድ ቀጥ አድርጎ በአንድ ጊዜ ያንሣው። በጣውላው ላይ አስተኝቶ በጨርቅ ይሰረው። ተሸክሞ ወይም በጀልባ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ።

ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገን እንያዘው። የሚበላና የሚጠጣ አንስጠው።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም አንመነው። ከሰዓታት በኋላ ደም በጭንቅላቱ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ስለ ወጌሻም እናንሣ። ወጌሾቻችን የሚከበሩ ሰዎች ናቸው። ወለምታ አሽተው ብዙ ሰው ረድተዋል። የተሰበረ አጥንትን አጥብቆ ማሰር ግን አደገኛ ነው። እጅ ወይም እግር ከተሰበረ በኋላ ያብጣል። ማሰሪያው ጠበቅ ካለ ደም አያሳልፍም። ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል፤ ይሸታል፤ በመጨረሻም እግሩ ወይም እጁ ይቆረጣል። በተለይ ሕፃናት ላይ ይህ እንዳይደርስ እንጠንቀቅ። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ልጁም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ደግሞ ከመነሻውም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፣

መሰላል ክፉ ነገር አይደለም። ቤት የምንሠራበት፣ ፍሬ የምናወርድበት፣ ኑሯችንን የምናሻሽልበት መሣሪያ ነው። ነገር ግን የሚያነሣን ነገር ሁሉ እንዳይጥለን መታየት አለበት። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ ላላነበበ ጎረቤት አንብቡለት። ዛሬ ማታ የቤታችሁን መሰላል አጋድማችሁ አንኳኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

አንብበን እንወቅ፤ አውቀን እንጠንቀቅ!

የምንወያይባቸው ጥያቄዎች

1. መሰላሉ ግድግዳውን የሚነካው በ16 ክንድ ከፍታ ላይ ነው። እግሩ ከግድግዳው ስንት ክንድ ይራቅ?
2. «ከአራቱ ሦስቱ ይያዙ» ማለት ምን ማለት ነው?
3. በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ሳይወጡ ሊሠራ የሚችል ምን ሥራ አለ?
4. በመንደራችሁ ከከፍታ የወደቀ ሰው ታውቃላችሁ? የወደቀበት ምክንያት ምን ነበር? መሬት ላይ ሳለ ምን ቢደረግ ይተርፍ ነበር?